ግሪክኛ ጀመርኩ ብልህስ?

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል አቦ? ከተጠፋፋን ስንት ክረምት አለፈ! ለቅኔ ብለህ ጎንደር ከገባህ ወዲህ ወሬህን የምሰማው ከእናትህ ነው። እሳቸውም ቀፊራ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር "ልጄ ከሳ" ከማለት ሌላ አይነግሩኝም። እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው፣ የድሬ ሙቀትም ያው ነው። አዲስ ነገር ካልክ፣ ትምህርት ጀምሬያለሁ። በርቀት፣ ከእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ። የምማረው ግሪክኛና ላቲን ነው።

ሳቅክ አይደል? እዚህም ያልሳቀ የለም። የሥራ ጓደኞቼ "በላቲን ማንን ልታናግር ነው?" ይሉኛል። እናቴ ቄስ ልሆን መስሏት ደስ ብሏታል፤ እኔም አላስተባበልኩም። "እንጀራ ያበላል ወይ?" ለሚለኝ መልስ የለኝም። ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እቆጥራለሁ፣ እንጀራው ከዚያ ይመጣል። ክፍያውን ደግሞ እህቴ ከውጭ ትሸፍንልኛለች። ማታ ማታ ይኼን ማንበብ ደስ ይለኛል፣ በቃ።

ለበዓል መጥተህ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ እያልክ ስምንቱን የግዕዝ ግስ አርእስት፣ ሌላው ግስ ሁሉ የሚከተላቸውን፣ ያወረድክብን ትዝ ይልሃል? ላቲን እኮ አርእስቱ አራት ብቻ ናቸው! እንግሊዞቹ ተማሪዎች በዚያችው ያማርራሉ። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ግራ ይገባቸዋል። እኛን የሚጨንቀን መጨረሻ ላይ ካልመጣ ነው። "እኔ"፣ "አንተ" ሳይባል ግሱ ብቻውን ባለቤቱን ሲናገርም ይገርማቸዋል።

የግስ ቅጥያዎቹን ካርቶን ላይ ጽፌ ከአልጋዬ በላይ ለጥፌያለሁ፦ ኦ፣ ስ፣ ት፣ ሙስ፣ ቲስ፣ ንት። በረንዳ ላይ ጮክ ብዬ ስደግማቸው የአከራዬ ትንሿ ልጅ ይዛቸዋለች። አሁን ገመድ ስትዘል "ሙስ! ቲስ! ንት!" ነው የምትለው፤ የሰፈሩ ልጆችም ይቀበሏታል። እኔ ገና ስደናበር እሷ በቃሏ ጨርሳዋለች።

ግሪክኛው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፊደሉ አላስቸገረኝም። የእኛ ፩፣ ፪፣ ፫ ከእነሱ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ የመጡ አይደሉ? ያስለቀሰኝ ግሱ ነው። "እወስዳለሁ" ላምባኖ ነው፤ "ወሰድኩ" ኤላቦን፤ "ልወስድ ነው" ደግሞ ሌፕሶማይ። ይኼ ሁሉ አንድ ግስ ነው ይሉሃል! መሸምደድ ነው እንግዲህ። ከዚራ ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ በልጅነታቸው ግሪክ ነጋዴ ሱቅ የሠሩ፣ ግሪክኛ መማሬን ሰምተው በደስታ "ካሊሜራ!" (እንደምን አደርክ) አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት አንዱም አልገባኝ። እኔ የምማረው የፕላቶን ዘመኑን ነው፣ ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት የነበረውን። "ታዲያ ምኑን ነው የሚያስተምሩህ?" ብለው አዘኑልኝ።

ባለፈው ሐረር ወጥቼ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለውን አየሁ። አስጎብኚው ስለ ግጥሙ፣ ስለ ቡናውና ስለ ጠመንጃ ንግዱ ነገረን። አንድ ነገር ግን ዘለለ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1869፣ ገና የ14 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በላቲን ግጥም ውድድር አንደኛ ወጥቷል! የተሰጠው ርዕስ ሮምን የተዋጋው የኑሚድያ ንጉሥ ዩጉርታ ነበር። የላቲን ግጥም እንደ እኛ ቤት አይመታም፤ የሚለካው በረጅምና በአጭር ድምፅ ነው። በሰው ቋንቋ፣ በዚያ ልክ፣ በዚያ ዕድሜ! ያ ልጅ ነው እንግዲህ በኋላ ሐረር መጥቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የኖረው። አብረውኝ የነበሩት ምንም አልመሰላቸውም። አንተ ግን ቅኔ መዝረፍ ምን እንደሚጠይቅ ታውቃለህ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አክሱም ያለውን የንጉሥ ኢዛናን ድንጋይ ታውቀዋለህ፤ በቤጃዎች ላይ ወንድሞቹን ስላዘመተበት ጊዜ የሚተርከውን። የግሪክኛውን ቅጂ አግኝቼ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ እያነበብኩት ነው። ንጉሡ እዚያ የአሬስ ልጅ ነኝ ይላል። አሬስ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው፤ የእኛ ሰው ለግሪክ አንባቢ በሚገባው ስም ሲያወራ አስበው! በግዕዙ በኩል በዚያ ቦታ ያለው መሐረም የተባለው የአክሱሞች አምላክ እንደሆነ አንብቤያለሁ። ራሴ ግን ለይቼ ላነበው አልቻልኩም። ፊደሉ ካዕብ የለው፣ ሣልስ የለው፤ ሁሉም በግዕዙ፣ በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ተጽፎ የት ላይ እንደምቆም እንኳ አላውቅም።

ስለዚህ ግሪኩን እኔ ልያዝ፣ ግዕዙን አንተ ያዝ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መስመር በቴሌግራም እንለዋወጥ። የግዕዙን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ጊዜ የለኝም ካልክም ደውለህ እምቢ በለኝ፤ ድምፅህን እንኳ ልስማ።

ያንተው፣
ከድሬዳዋ