የአሮጌ ተሳቢ ዕድሜ ከጎማው ላይ አይነበብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአሮጌ ተሳቢ ዕድሜ በጎማው ቁጥር ይታወቃል የሚለው በገጻችሁ የወጣ ምክር ገዢዎችን ያሳስታል። በጎማው ጎን «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጋር የሚታተመው ቁጥር የሚናገረው ስለ ጎማው ብቻ ነው። 3507 ማለት ጎማው በ2007 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ጎማ ነው። ተሳቢ ግን በዕድሜው ስንት ጎማ ይጨርሳል! መብራቱም ኩሽኔታውም እንዲሁ ይቀያየራሉ። እንደነበረ የመቆየት ዕድል ያለው ሻንሲው (ዋናው የብረት አካል) ስለሆነ ፍተሻው ከዚያ ይጀምር።

የሻንሲ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚመታው ከፊት በኩል፣ በቀኝ ተሸካሚ ብረት ወይም በመጎተቻው ዘንግ ላይ ነው። ዝገቱን በግራይንደር አትንኩት፤ ጥልቀት የሌለው ምት አብሮ ይጠፋል። ቀለሙን በቀለም ማስለቀቂያ አንሡ፣ በሽቦ ብሩሽ በቀስታ ጥረጉ፣ ነጭ ጠመኔ እሹበት፣ ከዚያ ባትሪ ከጎን አብሩበት። አሁንም ካልተነበበ ስስ ወረቀት ለጥፋችሁ በእርሳስ ጎን አሹት። በቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ ወይም የተዛነፈ ፊደል ካያችሁ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በሪቬት ወይም በብሎን የተያያዘ የስም ሰሌዳማ ከሌላ ተሳቢ ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ከሆነ ብዙ ይናገራል። አሜሪካ ይህን አሠራር ግዴታ ያደረገችው ከ1981 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ቦታ 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ፣ ጄ (J) ከሆነ ጃፓን፣ ደብልዩ (W) ከሆነ ጀርመን ነው። አይ (I)፣ ኦ (O) እና ኪው (Q) በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ካያችሁ አንባቢው ተሳስቷል ወይም ቁጥሩ የውሸት ነው። በአሜሪካ ሥሪት አሥረኛው ቦታ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ ግን በየ30 ዓመቱ ስለሚደገም ጂ (G) 1986ም 2016ም ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ አምራቾች ይህን ቦታ ለዓመት እንዲያውሉት አይገደዱም።

ቁጥር ከሌለ ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት በትክክል መለኪያ) ያዙ። የዩ ቅርጽ ያለውን ተሸካሚ ብረት ከፍታ ለኩ፦ 100 ወይም 120 ሚሊሜትር ከሆነ ሜትሪክ (በሚሊሜትር ልክ የተሠራ)፣ 101.6 ከሆነ የኢንች (4 ኢንች) ብረት ነው። ልዩነቱ 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነውና ቀለምና ዝገት ያታልላል፤ ፍቃችሁ ሦስት ቦታ ላይ ለኩ። ክብ ቧንቧን ግን ተዉት፣ በሜትሪክ አገርም በኢንች ይሸጣል።

ቀጥሎ የቸርኬው ብሎኖች የቆሙበት ክብ ነው። ብሎኖቹ ተጋማሽ ቁጥር (4፣ 6፣ 8፣ 10) ከሆኑ ፊት ለፊት ያሉትን ከመሐል እስከ መሐል ለኩ። አምስት ከሆኑ ጎን ለጎን ያሉትን ለክታችሁ በ1.701 አባዙ። በከባዱ ተሳቢ 10 ብሎን በ335 ሚሊሜትር የአውሮፓ፣ 10 በ285.75 የአሜሪካ ልማድ ነው። በትንሹ የወታደር ተሳቢ 5 በ139.7 የጂፕ፣ 5 በ165.1 የላንድሮቨር ልክ ነው። ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት አካል) ከነአክስሉ ሊቀየር ስለሚችል የባሌስትራ መያዣዎቹ ብየዳ የፋብሪካ መሆኑን እዩ።

በመብራቱ መስታወት ላይ በክብ ውስጥ ያለ ኢ (E) እና ቁጥር ካለ (1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 11 ብሪታንያ) መብራቱን ያጸደቀችውን አገር ነው የሚናገረው፤ ተሳቢውን የሠራችውን አይደለም። ብዙዎች እዚህ ላይ ይስታሉ።

የብሪታንያ ሥሪት ለሆነና ሲገፋ ፍሬኑ በራሱ ለሚይዝ ትንሽ ተሳቢ አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ወደ ኋላ ለመሄድ በእጅ መቆለፊያ ማስገባት ካስፈለገ ከሚያዝያ 1989 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለሚሠሩት በራሱ የሚለቅ ፍሬን ግዴታ ሆኗል።

ሁሉም ካልተስማሙ አንድ ዓመት ለመጻፍ አትቸኩሉ። ከሻንሲው ጋር በፋብሪካ ከተበየዱት አካላት ውስጥ የመጨረሻውን አዲስ ፈልጉ፤ ተሳቢው ከእሱ ሊቀድም አይችልም። በሽያጭ ወረቀቱም ላይ ለምሳሌ «ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የማይቀድም» ብላችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተሳቢ ባለሙያ አንባቢያችሁ