የቅዳሜው ሸክላ፦ ቴሪ ካሊየር

ሰላም ውድ አባላት፤ የፊታችን ቅዳሜ የምናዳምጠው በዘመኑ ሰሚ ያጣ የሶል (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ሸክላ ነው፤ የቺካጎው ቴሪ ካሊየር እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ዋት ከለር ኢዝ ላቭ»። ካሊየር ልጁን ለማሳደግ ሙዚቃውን ትቶ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ፕሮግራመር ሆኖ ሲሠራ፣ በ1990 ገደማ ፈልገው ያገኙት እንግሊዞች ናቸው። የመጀመሪያው ዘፈን 9 ደቂቃ ያህል ነው፤ በጊታርና በድምፅ ብቻ በቀስታ ይነሳል፣ ቫዮሊኖቹ ኋላ ነው የሚገቡት። እባካችሁ እሱን ሳናወራ እንስማው።

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ እኔ ቤት። እያንዳንዳችሁ ተረስቷል የምትሉትን አንድ ሸክላ ይዛችሁ ኑ። የማጫወቻው መርፌ አዲስ ስለሆነ የምታመጡትን ሸክላ አቧራ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። የሚቀጥለውን ወር ሸክላ ከመጡት ውስጥ እንመርጣለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ወንበር ላዘጋጅ።