ለንባብ ክፍላችን ጣራ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ (ሁለተኛ ዙር)

ውድ የክበባችን አባላት፣ የቀድሞ አንባቢዎቻችንና ወዳጆቻችን፤

ከሰላምታ በኋላ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ። ራስን ስለ መርዳት የሚናገሩ መጻሕፍትን አብረን የምናነብበት ክፍላችን ጣራ ከወደቀ ሁለት ወር አለፈው። የመጀመሪያውን ጥሪ ከላክን ደግሞ ስድስተኛ ሳምንታችን ነው። በዚያ ጥሪ ብዙ ምርቃት፣ ብዙ «በርቱ»፣ ብዙ የአውራ ጣት ምልክት ደርሶናል። እናመሰግናለን። ሂሳባችን ውስጥ የገባው ገንዘብ ግን ከሚያስፈልገው ሲሶውን ብቻ ነው። ለእንጨቱ ይበቃል። ክዳኑና የሠራተኛው ክፍያ ገና ነው።

መክፈያውን አሁኑኑ እንናገር፤ ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰው እንዳለ እናውቃለን (እኛም እንደዚያው ነን)። ገንዘቡ የሚገባው በክበቡ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ታትሟል። በምክንያት ቦታው ላይ «ለጣራ» ብላችሁ ጻፉ። በማንም የኮሚቴ አባል የግል ሂሳብ እንዳታስገቡ፣ አደራ።

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባላችን እጁን አውጥቶ እንዲህ አለ፦ «ዓመት ሙሉ ራስን ስለ መርዳት ስታነቡ ከርማችሁ አሁን ሰው ትለምናላችሁ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ሳቅን። ነገሩ ግን ከንክኖናል። ስለዚህ መልሱን እዚሁ እንስጥ።

እ.ኤ.አ. በ1859 የስኮትላንዳዊው ጸሐፊ የሳሙኤል ስማይልስ «ራስን መርዳት» የተባለ መጽሐፍ ታተመ። ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ መጠሪያ የሆነው ያ ርዕስ ነው ማለት ይቻላል። ርዕሱን ብቻ ያየ ሰው ስማይልስ «ማንንም አትጠይቁ» ያለ ይመስለዋል። መቅድሙን ያነበበ ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ሁለት ሦስት ድሃ ወጣቶች በብርዱ ወራት ማታ ማታ እየተገናኙ የሚያውቁትን ለመለዋወጥ ተስማሙ። መጀመሪያ ከመካከላቸው በአንዱ ጎጆ ነበር የሚሰበሰቡት። ሰው ሲበዛ ጠበባቸው። ሙቀቱ ሲመጣ ወደ ጓሮ ወጡ። እዚያ ሰሌዳቸው ላይ ሒሳብ እየሠሩ ሳለ አንዳንዴ ዝናብ ድንገት ይመጣና የጻፉትን አጥቦት ይሄዳል። የዚያን ማታ ትምህርት ተበተነ ማለት ነው። ብርዱ ሲመለስ ክፍል መከራየት ግድ ሆነባቸው። ያገኙት ክፍል ቀድሞ የኮሌራ ሕሙማን ማቆያ የነበረ ነው። በሽታው ገና ያልለቀቀው ይመስል ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። እነሱ ተከራዩት። መብራት አበሩ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር አስገቡ፣ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ስማይልስን «እስቲ መጥተህ አንድ ነገር ንገረን» ብለው የጠሩት እነዚህ ልጆች ናቸው። መጽሐፉ የበቀለው ለእነሱ ካደረገው ንግግር ነው።

እንግዲህ የ«ራስን መርዳት» መነሻ ይኸው ነው፦ ጠባብ ክፍል፣ ዝናብ፣ ኪራይ። አንድም ሰው ለብቻው አልተቀመጠም። ይህን ገጽ ከጣራው መውደቅ በፊት አንብበነው ነበር። ያኔ ዝናቡን እንደ ጌጥ ነበር ያለፍነው።

ክበባችን ምን ሠራ ለሚሉ፣ የሠራው ይኸው ነው። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ወቅት እንይዛለን። ጮክ ብለን እናነባለን። ከምዕራፉ አንድ ነገር ብቻ መርጠን ሳምንቱን እንሞክረዋለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ያልተሳካለት ቀድሞ ይናገራል። ይህች የመጨረሻዋ ሕግ ነች ክበቡን ያቆየችው። የተሳካለት መጀመሪያ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፤ አይተነዋል።

ትልቁን ፈተና ያየነው የአሜሪካ መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በጻፈው የራሱ የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውዬው 13 መልካም ጠባዮችን ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ሰጠ። በትንሽ ደብተር ላይ በቀይ ቀለም ሰንጠረዥ አሰመረ። ባጠፋ ቁጥር ጥቁር ነጥብ ያደርጋል። 13 ሳምንት አንድ ዙር፣ በዓመት አራት ዙር። እኛም ደብተር አዘጋጅተን ጀመርን። በሦስተኛው ሳምንት፣ «ሥርዓት» በሚለው ጠባይ ላይ፣ የሁላችንም ደብተር በነጥብ ጠቆረ። አንዷ እህታችን ደብተሯን ራሱን ጥላው መጣች። ደግነቱ ፍራንክሊንም በጣም ያስቸገረው ይኸው ሥርዓት እንደሆነ ጽፏል። እዚያው ላይ ስለ አንድ መጥረቢያ የገዛ ሰው ያወራል። ሰውዬው መጥረቢያው ከስለቱ ጀምሮ ሁለመናው እንዲያብረቀርቅ ፈለገ። ቀጥቃጩም «እሺ፣ መሳያውን መንኮራኩር አንተ አዙርልኝ» አለው። ሰውዬው አዞረ፣ አዞረ፣ ደከመው። በመጨረሻ «በቃ፣ እንዲሁ ልውሰደው፤ ዝንጉርጉር መጥረቢያ ይሻለኛል» አለ። ይህን ካነበብን ወዲህ የጀመረውን መተው የፈለገ አባል ሁሉ «ዝንጉርጉሩ ይሻለኛል» ማለት ጀመረ። ኮሚቴው ራሱ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ብሎታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከጀርባችን የሚወራውን ሰምተናል። «መደርደሪያ ከመግዛት ጣራውን አይጠግኑም ነበር?» ተብሏል። «የአንድ መጽሐፍ አሥራ ሁለት ቅጂ ምን ይሠራል?» ተብሏል።

ስለ ቅጂዎቹ አንጸጸትም። አንድ መጽሐፍ ለአሥራ ሁለት ሰው ሲዞር መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው የሚያነበው። አብሮ ማንበብ ማለት በአንድ ሰዓት አንድ ገጽ ላይ መሆን ነው። ስለ ማዋሱም እንዲሁ። አንዳንዶች «ተውሶ የሚወጣው መጽሐፍ አይመለስም» ይሉናል። እውነት ነው፣ ጥቂቱ አልተመለሰም። ግን የሮም ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ የመጀመሪያ ክፍል ላይ የሚያመሰግናቸውን ሰዎች ሲቆጥር፣ ሩስቲከስ የተባለ መምህሩን የሚያመሰግነው በከፊል የኤፒክቴተስን ትምህርት ከራሱ መጻሕፍት መካከል አውጥቶ ስላካፈለው ነው። ኤፒክቴተስ ደግሞ በባርነት የኖረ ፈላስፋ ነው። ራሱም አልጻፈም፤ የተናገረውን የጻፈው አሪያን የተባለ ተማሪው ነው። አንዱ ተናገረ፣ አንዱ ጻፈ፣ አንዱ አካፈለ፣ ንጉሡ አነበበ። የመጽሐፍ መዋዋስ ኪሳራ ነው የሚለን ሰው ይህን መንገድ ይመልከት።

በመደርደሪያው ጉዳይ ግን ጥፋቱን እንቀበላለን። የኤፒክቴተስ የመጀመሪያው ትምህርት በእጃችን ያለውንና የሌለውን መለየት ነው። ያን ምዕራፍ ስንወያይ በራሳችን ላይ ጣራው ያንጠባጥብ ነበር። ባልዲ ደቅነን ተወያየን። ዝናቡ በእጃችን አልነበረም። ጣራውን በጊዜ መጠገን ግን በእጃችን ነበር። «ከሚቀጥለው ወቅት በኋላ» እያልን ሁለት ዓመት አሳለፍን። ይህን የምንጽፈው ማንም ሳይጠይቀን ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ የለንም፤ የወጪ መዝገቡም ለማንኛውም አባል ክፍት ነው። ጥፋታችን የቅደም ተከተል ነው እንጂ የእጅ አመል አይደለም።

ከመጻሕፍቱ ግማሽ ያህሉ ተርፈዋል። በየገጹ መካከል ወረቀት እያስገባን ጥላ ውስጥ አደረቅናቸው። ሻጋታ የያዛቸውን ለየናቸው። በአቋራጭ ሀብታም ስለ መሆን የሚያወሩት በብዛት ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ስለነበሩ ውኃው ቀድሞ ያገኛቸው እነሱን ነው። ብዙ አላዘንንም። እንደ ኮሚቴ አቋማችን ባይሆንም የኮሚቴው ጸሐፊ በግሉ እፎይ ብሏል።

የቪክቶር ፍራንክል መጽሐፍ ግን ሲረጥብ አመመን። ፍራንክል ቪየና ውስጥ የሚሠራ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ናዚዎች አውሽቪትዝ ወደተባለው የእልቂት ካምፕ ሲወስዱት ኮቱ ውስጥ የደበቀውን የመጽሐፉን ረቂቅ ቀሙት። በካምፕ ሳለ በብጭቅጫቂ ወረቀት ላይ ሐሳቡን መልሶ ለማስታወስ ይሞክር ነበር። ከነጻነት በኋላ የካምፑን ታሪክ የሚተርከውን ሌላውን መጽሐፉን በዘጠኝ ቀን እንደጨረሰው ራሱ ተናግሯል፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ሁሉን የተነጠቀ ሰው ለደረሰበት ነገር የሚሰጠውን ምላሽ የመምረጥ ነጻነት ግን ይቀረዋል ይላል። የእኛን ጣራ ከዚያ መከራ ጋር ማወዳደር ነውር ነው፣ አናወዳድረውም። ያነሣነው ያ መጽሐፍ በተነበበበት ወቅት ሐዘን ላይ የነበሩ ሁለት አባላት ከክፍሉ ሳይቀሩ ስለከረሙ ነው። ቤታቸው ብቻቸውን ቢያነቡት እስከ መጨረሻው እንደማይዘልቁት ነግረውናል።

ስለ ገንዘብ ማሰባሰብም ከፍራንክሊን ተምረናል። እሱና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1731 ፊላዴልፊያ ውስጥ በአባላት መዋጮ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁሙ የተነሡት በ50 አባላት ነው። መዋጮ ሲለምን ሰው ፊቱን እንዳጠቆረበት፣ ከዚያ በኋላ የራሱን ስም ደብቆ «የጥቂት ወዳጆች ሐሳብ ነው» ማለት እንደጀመረ ጽፏል። ይህ ደብዳቤም የተፈረመው በኮሚቴው ስም ነው፤ ምክንያቱን አሁን አውቃችሁታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰባኪ ለጸሎት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ እንዴት ላሰባስብ ብሎ ጠየቀው። ፍራንክሊን እንዲህ መከረው፦ መጀመሪያ በእርግጥ እንደሚሰጡ የምታውቃቸውን ጠይቅ። ቀጥሎ የምትጠራጠራቸውን ጠይቅ፣ የሰጡትንም ዝርዝር አሳያቸው። በመጨረሻ ምንም አይሰጡም የምትላቸውንም አትለፋቸው፤ በአንዳንዶቹ ተሳስተህ ሊሆን ይችላልና።

እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወገኖች ጨርሰናል። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ... እንግዲህ ሦስተኛው ወገን ውስጥ ናችሁ። አትቀየሙን። እንድንሳሳት አጥብቀን እንጸልያለን።

በመካከላችን የተለያየ እምነት ያለን ሰዎች አለን። ሁሉም ግን ያወቀ ላላወቀ ማካፈል እንዳለበት ያስተምራል። ሃይማኖቱ ቢቀር እንኳ አብሮ የተቀመጥንበት ቤት የጋራ ዕዳ አለብን። ከዚህ ክፍል ቁጣውን መግታት የተማረ፣ ከወንድሙ ጋር የታረቀ፣ ያቋረጠውን ትምህርት የቀጠለ ሰው ራሱን ያውቃል። ስም አንጠራም።

ገንዘብ የሌለው ጉልበት ይስጠን። ረጅም መሰላል ያለው ያውሰን። ትልቅ ሸራ ያለው ቶሎ ይድረስልን፤ ግድግዳው እየራሰ ነው። የሁለት ሰዓት ሥራ የሚችል ሰው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፤ የተረፉትን መጻሕፍት መቁጠርና መጠቅለል አልጨረስንም። አናጢው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዞልናል፤ ክዳኑ ካልተገዛ ወደ ሌላ ሥራ እንደሚሄድ በግልጽ ነግሮናል።

የጣራው ኮሚቴ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ሂሳቡ በክበቡ ስም ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ፤ ደብተሩ የጠፋበት ገንዘብ ያዧን በአካል ይጠይቅ። በስልክ ቁጥር ለሚነግራችሁ ሰው፣ ከእኛ ነኝ ቢላችሁም፣ አትላኩ። ምክንያት፦ «ለጣራ»። ያስገባችሁበትን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልንና ማህተም ያለው ደረሰኝ እንሰጣችኋለን። ባለፈው ዙር ሦስት ሰዎች ስማቸውን ሳይጽፉ አስገብተዋል። እባካችሁ ማን እንደሆናችሁ ንገሩን፣ ደረሰኛችሁ ተጽፎ ተቀምጧል፣ የስሙ ቦታ ብቻ ነው ባዶ።