አማካይ ፍጥነቱን ብቻ አትንገሩን

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ፋየርዎሉም (የኔትወርኩ ዘበኛ) ራውተሩም (መንገድ መሪው) ሳጥኑ ቀርቶ ሶፍትዌር ሆኖ ክላውድ ላይ፣ ማለትም ብዙ ሰው በጋራ የሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ይጫን የሚለውን ጽሁፋችሁን እዚህ ባህር ዳር ከስራ ልጆች ጋር ቡና እየጠጣን አነበብነው፣ አሪፍ ነው ግን ዋናውን ዘላችሁታል። ዋጋ ይቀንሳል፣ እሺ። ትላልቆቹ ቴሌኮሞችም እኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ሃሳቡን ሲያወጡት ይሄንኑ ነው ያሉት።

እኔ ኔትወርክ ላይ ነው የምሰራው። ፋየርዎሉን ሰርቨሩ ላይ ብቻውን ስታስኬደው ይበራል፣ ከዛ የማታውቀው ሰው ቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተሰራ ኮምፒውተር) እዛው ይነሳና ያንተ መንቀራፈፍ ይጀምራል፣ ኮርህን (ከፕሮሰሰሩ ለአንተ የደረሰህን ክፍል) ግን ማንም አልነካውም! ቀበሌ 14 ተከራይቶ የኖረ ሰው ይገባዋል፣ ክፍሉም ቁልፉም የየራስህ ነው ቧንቧው ግን የግቢው ነው። ሰርቨሩ ላይ በጋራ ያለው ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፈጣን ማከማቻ) እና ወደ ሜሞሪው የሚወስደው መስመር ነው። በ10 ጊጋቢት መስመር ባለ 64 ባይት ፓኬቶች (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ጥቅሎች) በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ይደርሳሉ፣ ለአንዱ 67 ናኖሰከንድ ገደማ ነው ያለህ፣ ዳታው ከካሽ ጠፍቶ ሜሞሪ ድረስ ከተሄደ ያቺ አንድ ጉዞ ብቻዋን ጊዜውን ልትጨርሰው ትችላለች፣ ጎረቤትህ ደሞ ካሹን ሲሞላ የሚያስወጣው ያንተን ነው።

መፍትሄ የለም እያልኩ አይደለም። ኮሩን ለአንዱ ለይቶ መስጠት ይቻላል፣ ኔትወርክ ካርዱና ሜሞሪው ከኮሩ ጋ አንድ ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ላይ ይሁኑ፣ የኢንቴል ሰርቨር ከሆነ ካሹንም ማካፈል ይቻላል። እሱም ብቻውን ግን አይበቃም፣ ካርዱ ፓኬቱን በቀጥታ ካሽ ውስጥ ነው የሚጥለው፣ ለዛ የተተወችው ቦታ ትንሽ ናት፣ በፈር (ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ) ሲበዛ ትሞላና ፓኬቱ ወደ ሜሞሪ ይገፋል። ፓኬት ሲጠፋ በፈር ጨምሩ የሚሉ ኢንጂነሮች ይሄን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ሻጮቹ ይሄን የማያወሩት ለምን ይመስላችኋል? ካሽና ኮር ከተከፋፈለ አንድ ሰርቨር ላይ የሚገባው ደምበኛ ያንሳል፣ ያ ቅናሽ የተባለው ነገርም አብሮ ያንሳል፣ በኔ እምነት ሌላ ሚስጥር የለውም። በቀደም እኛ ቢሮ የመጣው ሻጭ የያዘው አማካይ ፍጥነት ብቻ ነበር፣ ጎረቤት ሲበዛስ ስንለው ሳቀ። የስልክ ድምጽ የሚቆራረጠው እኮ በዘገዩት ጥቂት ፓኬቶች ነው፣ አማካዩ ቢያምር ምን ይሰራልናል።

እና በሚቀጥለው ክላውድ ሻጭ ኢንተርቪው ስታደርጉ ሰርቨሩ በሌሎች ስራ ተጨናንቆ እያለ ከ100 ፓኬት 99ኙ በስንት ማይክሮሰከንድ ውስጥ ያልፋሉ፣ ይሄስ ውል ላይ ይጻፋል ወይ ብላችሁ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር