ነጭ ዱቄት በፌስታል ቋጥራችሁ አትሽጡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቤቴ ዳጣ እያዘጋጀሁ ለሰፈር ሱቆች አስረክባለሁ። ባለፈው ሳምንት ዳጣው እንዳይበላሽ የምጨምረው ማቆያ አልቆብኝ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሶዲየም ቤንዞኤት ስለው ልጁ ከጆንያ በእጁ ዘግኖ በፌስታል ቋጠረልኝ። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ለምግብ ይሁን ለፋብሪካ የሚል ጽሑፍ የለው። ስንት ልጨምር ብዬ ብጠይቀው «እናት፣ አንድ ማንኪያ ጣል ያድርጉበት» አለኝ። ለስንት ኪሎ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ትቼለት ወጣሁ።

እኔ ማቆያ ጭራሽ አይግባ ከሚሉት ሰዎች አይደለሁም። በልኩ ከገባ ሻጋታና እርሾን ይከለክላል፣ ዳጣው ቶሎ አይበላሽም። ልኩ ግን በሚዛን ነው። በአሜሪካ የተቀመጠው ጣሪያ 0.1 በመቶ ነው፤ በኪሎ 1 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ ለ20 ኪሎ ዳጣ ከ20 ግራም አላልፍም። ማንኪያ ደግሞ አያስተማምንም፣ ምክንያቱም አንዱ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ሌላው ጥራጥሬ ነው፣ በአንድ ማንኪያ የሚይዙት ክብደት አንድ አይደለም። የሚፈሩ ደንበኞቼም ይህን ይወቁልኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ኮሚቴ ለአንድ ሰው በቀን እስከ 20 ሚሊግራም በኪሎ ክብደቱ ችግር የለውም ብሏል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1200 ሚሊግራም ይመጣል። በእኔ ዳጣ 15 ግራም ውስጥ ያለው ቢበዛ 15 ሚሊግራም ነው።

አጠቃቀሙንም የሚነግረን የለም። እኔ መጀመሪያ ሎሚ ጨመቅኩና ዱቄቱን እዚያው ጭማቂ ላይ በተንኩት። ወዲያው ነጭ ሆኖ ደፈረሰ፣ ከሥሩም ቅንጣት ቅንጣት የሆነ ነገር ዘቀጠ። ቀኑን ሙሉ የተጭበረበርኩ መስሎኝ ስናደድ ዋልኩ። ለካስ ቤንዞኤት ኮምጣጣ ሲያገኝ ወደ ቤንዞይክ አሲድ ይለወጣል፤ እሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። አሁን መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አሟሟዋለሁ፣ ከዳጣው ጋር በደንብ አዋህዳለሁ፣ ሎሚውና አቼቶው መጨረሻ ይገባል። ኮምጣጣውን ግን መተው አይቻልም። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ከ4.5 በላይ ከሆነ ቤንዞኤት ብዙም አይሠራም፣ ወተት ላይ ቢጨምሩት ከንቱ ድካም ነው። ያልታጠበ ጠርሙስንም አያካክስም።

ጭማቂ የምትሠሩ እህቶቼ ደግሞ አደራ። ቤንዞኤትና ቫይታሚን ሲ አብረው ያሉበት ጠርሙስ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ትንሽ ቤንዚን የሚባል መርዛማ ነገር ሊፈጠርበት ይችላል (መኪና ላይ የሚሞላው አይደለም፣ ስሙ ነው የሚመሳሰለው)። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚውለውን ጭማቂ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ያ ስም የሌለው ፌስታል ነው። ለሥጋ የሚገባው ሶዲየም ናይትራይትም ነጭ ነው፣ በዓይን ብዙም አይለይም። እሱ ጥቂት ግራም ብቻ ሰው ሊገድል ይችላል፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ፣ በተመሳሳይ ፌስታል ተቀምጠው አንድ ቀን ቢቀያየሩስ?

ነጋዴዎች፣ ስሙን፣ ለምግብ መሆኑን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ለኪሎ የሚገባውን መጠን ጻፉበት። የሚመለከተው ባለሥልጣንም ወርዶ ይይ። በ20 ግራም ታሽጎ፣ ተጽፎበት ቢመጣ ዋጋው ቢጨምርም እኔ እገዛለሁ።

ዳጣ አዘጋጅ፣ ከአዲስ አበባ