አባዬ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ አይቁሙ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምታነብልዎት የወንድሜ ልጅ ናት። (አንቺ፣ ያሳፈረሽን እየዘለልሽ እንዳታነቢ። ሁሉንም!)

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ "ሰ" ማለት አቅቶታል፣ እኛም ሆን ብለን "ሰኞ" እናስብለዋለን። ባለፈው እሑድ እግዚአብሔር በስድስት ቀን የፈጠራቸውን 22ቱን ፍጥረታት በጣቱ ቆጠረልኝ። እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። ጣቱ ሲያልቅበት የእኔን ተበደረ። እርስዎም በረንዳው ላይ እንደዚሁ ያስቆጥሩኝ ነበር፣ አውራ ጣትዎን መሮ ስለሰነጠቀው ሁልጊዜ ከሌባ ጣት ነበር የምንጀምረው።

ከዚያ ትንሹ ጠየቀኝ። "ፀሐይ ረቡዕ ከተፈጠረች የእሑዱ ብርሃን ከየት መጣ?"

ይቺን ጥያቄ ያውቋታል አባዬ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የነፍስ አባታችን ቤታችን የመጡ ቀን፣ እንግዳ በሞላበት የጠየቅኋት ናት። "ውጪ!" አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። ዝናቡን ደግሞ የጅማን ዝናብ ያውቁታል። መሥሪያው ውስጥ ገብቼ ሰጋቱራ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በማግስቱ ስነሳ አልጋዬ ሥር ከአንድ ዋንዛ የተፈለፈለች ባለሦስት እግር በርጩማ አገኘሁ። ገና የእንጨቱ ሽታ አልለቀቃትም። ሌሊቱን ሲሠሩ ማደርዎን እማዬ ናት የነገረችኝ። እርስዎ ያን ቀንም ከዚያ ወዲያም አላነሱትም። ይቅርታ እንደነበረች ዛሬ ይገባኛል። ግን እኔ የጠየቅኩት በርጩማ አልነበረም።

እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፦ ከ22ቱ ሰባቱን በአርምሞ፣ በዝምታ፤ አሥራ አራቱን በነቢብ፣ በመናገር፤ ሰውን ብቻ በገቢር፣ በእጁ ሥራ ፈጠረ ብለው። እርስዎ አርምሞውንና ገቢሩን ችለውበታል። ነቢቡን ነው የዘለሉት።

ወንድሜ ማክሰኞ ደወለ። መሮዎቹንም መላጊያውንም ለጎረቤት ልጅ እንደሰጡ ነገረኝ። ሌሊት ለኪዳን ሲሄዱ ቦይ ውስጥ መውደቅዎን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔን ግን የመጀመሪያው ነው ያስደነገጠኝ። ዓይንዎን ሞራው ይገፈፍ ሲባሉም "አፈር ነኝ፣ ወደ አፈር ልመለስ ነው፣ አፈር ዓይን ምን ያደርግለታል?" አሉ አሉ።

እንግዲህ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር፣ ዛሬ ውጪ ሊሉኝ አይችሉም።

"አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህና" ዘፍጥረት ምዕራፍ ሦስት ነው። ከውድቀት በኋላ ለአዳም የተነገረ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ምዕራፎች አሉ አባዬ፣ ልጅ ሆኜ በቃሌ ያስያዙኝ። አንደኛው "እጅግ መልካም ነበረ" ብሎ ነው የሚያልቀው። ሁለተኛው ላይ አፈሩ በአፍንጫው እስትንፋስ ገብቶበታል። ሰው የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት፣ አምስተኛ ደግሞ ነፍስ፤ የእርስዎ ቃል ነው። ከአምስቱ አንዷን ብቻ መዝዘው "እኔ ይህ ነኝ" ሲሉ ታዲያ እንዴት ነው? አዳምም ገነት ውስጥ የገባው "ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ" ነው። የተሰጠን ነገር ገላም ቢሆን ይጠበቃል። እርስዎ ለአንዲት የዛገች መሮ ዘይት የሚቀቡ ሰው ነዎት እኮ።

የትንሹን ጥያቄ መለስኩለት፣ ከእርስዎ በሰማሁት ታሪክ። መላእክት በጨለማ ተፈጥረው ማን እንደፈጠራቸው ሳያውቁ ቆዩ። ሳጥናኤል "እኔ ፈጠርኳችሁ" አለ። ታወኩ። ቅዱስ ገብርኤል "ንቁም በበህላዌነ፣ ፈጣሪያችንን እስክናገኝ በያለንበት እንቁም" ብሎ አረጋጋቸው። ከዚያ ነው "ብርሃን ይሁን" የተባለው። ለልጄ ስነግረው ነው እኔ ራሴ የነቃሁት። የእሑዱ ብርሃን ለካ መልስ ነው። ፀሐይ ለቀንና ለዘመን መቁጠሪያ መጣች፣ ያኛው ግን ማን እንደፈጠራቸው ለጠየቁት መጣ። እግዚአብሔር ለጥያቄያቸው ዝም አላለም፣ አላስወጣቸውምም።

ይህን ታሪክ ያን ቀን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ያውቁት ነበር። ወይስ ከነፍስ አባታችን ፊት አፈሩብኝ? እስካሁን አላውቅም።

ቁጣ አይደለም። ወይም ትንሽ ነው።

ቀዶ ጥገናው እዚያው ጅማ ይሠራል። ዓይኑን ብቻ ነው የሚያደነዝዙት፣ አያስተኙዎትም፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤት ይገባሉ። እስከዚያ ለኪዳን ብቻዎን እንዳይወጡ። ባትሪ የላክሁት ለመሳቢያ አይደለም። የቦዩንም ክዳን ወንድሜ እንዲያስገጥም ገንዘብ ልኬያለሁ፣ ካላስገጠመ ይንገሩኝ።

ሌላም ልጽፍ የፈለግኩት ነበር፣ ትንሿ ጮክ ብላ እንድታነበው ስላልፈለግኩ ትቼዋለሁ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ያቺ በርጩማ አሁን ትንሹ ነው የሚቀመጥባት፣ አንደኛው እግሯ ተሰንጥቋል። ይዤያት እመጣለሁ። መሮዎቹን ከልጁ ያስመልሱልኝ።

ልጅዎ