ለወንድሜ፦ ስለ አቡነ ዮሴፍ ሌሊት

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ከልቤ ርቀህ እንዳልሆነ ታውቃለህ። መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ የነበረበት ያ ክፉ ጊዜ ካለፈ በኋላ እንኳ የሆነብንን ሁሉ በአጭር ቃል መናገር አቅቶኝ ነገን ስል፣ ዝምታው በራሱ እየረዘመ ሄደ። አሁን ግን ዝም የማያሰኝ ጉዳይ መጣ። እኅትህን ደሴ ላይ ባገኘኋት ጊዜ፣ ለመጪው ገና ልጆችህንና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችህን ይዘህ ላሊበላ እንደምትመጣ፣ ከበዓሉም በኋላ ሌሊቱን ተጉዛችሁ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ላይ የፀሐይን መውጣት ልታዩ እንዳሰባችሁ ነገረችኝ። እኔ ከአምናው ገና በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ተጉዣለሁና ያየሁትን ሳልነግርህ ብትሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አስቀድሜ ስለ ተራራው ልንገርህ፤ ምክንያቱም ብዙ እንግዳ ከላሊበላ ቀና ብሎ የሚያየውን የአሸተን አፋፍ ተራራው ራሱ ይመስለዋል። አሸተን ማርያም፣ ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ እንዳሠራት የሚነገርላት ገዳም፣ የዳገቱ መጀመሪያ ብቻ ናት። ከእርሷ በላይ ሜዳው ይሰፋል፣ የገብስ ማሳው ይቀጥላል፣ ከዚያም እንደገና ዳገት፣ እንደገና አምባ እያለ አስታና ጅብራ የሚባሉት የውርጭ አገር ተክሎች እስከሚበዙበት ይዘልቃል። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሚወጣ ሰው 1,700 ሜትር ያህል ሽቅብ ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህም ቀጥታ ወደ ላይ ሲለካ እንጂ የመንገዱ ርዝመት አይደለም።

እኛ ከከተማው የወጣነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። ከደሴ፣ ከወልድያና ከቆቦ የመጣን፣ በሥራ የምንተዋወቅ ሰዎች ስንሆን፣ በጉዳዩ ላይ የተመከረው እራት ላይ፣ የተወሰነውም እራቱ ሳይነሳ ነበር። መሪ አልያዝንም፤ አሸተን ድረስ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ልጅ በመካከላችን በመኖሩ የቀረውንም የሚያውቅ መሰለን። ለብሰነው የሄድነው የከተማ ጃኬትና የጥጥ ሹራብ ነው፤ ከሁለታችን በቀር ጋቢ የያዘ አልነበረም። ብርሃናችን የስልክ መብራት፣ ስንቃችን ዳቦና ብስኩት ነበር፤ አንዱ ደግሞ ለብርድ ይሆናል ብሎ አረቄ ይዞ ነበር። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ብርድም ዳገትም አይበግረውም የሚለው እምነት በሁላችንም ውስጥ ነበረ፤ አንተም በልጅነታችን ጦሳን ስንወጣ የነበረውን እያሰብህ ይህንኑ እንደምታምን እገምታለሁ።

እስከ አሸተን ድረስ ምንም አልሆንንም። እንዲያውም በላብ ተጠመቅን፤ ችግራችንም የጀመረው ከዚሁ ላብ ነው። ገዳሟን አልፈን ሜዳው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ያለ ከልካይ ያገኘን ጀመር፤ በላብ የራሰው የጥጥ ልብስ ሰውነታችን ላይ ተጣብቆ ሙቀታችንን ይወስደው ነበር። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ላሊበላ ላይ ቀላል ብርድ የነበረው ጫፉ ዘንድ ሲደርስ ከ10 ዲግሪ በላይ ወርዶ ይጠብቅሃል። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ሰማዩ ደመና ስለሌለው ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ትለቀዋለች፤ ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር ላይ አመዳይ የሚጥለውም ለዚህ ነው። አረቄውን የቀመሱት ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ሞቀን አሉ፤ ዳሩ ግን መጠጥ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የውስጡን ሙቀት ያባክናል እንጂ አይጨምርም፤ ቆይተው ከሁላችን ይልቅ የተንቀጠቀጡት እነርሱ ናቸው።

ስልኮቹም ቶሎ ጠፉ። ባትሪያቸው በብርድ አቅሙን ያጣል፤ ግማሽ ኃይል አለው ያልኸው ስልክ በድንገት ይዘጋብሃል። ጨለማው ሲበረታ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ የከብት መንገዱ ነው። በዚያ አምባ ላይ እረኛ በየቀኑ ከብት ስለሚነዳ የተጠረገ የሚመስል መንገድ በየአቅጣጫው አለ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ገደል አፋፍ፣ ሣሩ ወዳለበት የሚወስዱ ናቸው። ቀን ላይ ገደሉን አይተህ ትመለሳለህ፤ ሌሊት ግን ከፊትህ ያለው ጥቁር ነገር ጉብታ ይሁን ባዶ ቦታ አትለይም። ሁለት ጊዜ መንገድ ስተን ድንጋይ እየወረወርን፣ የሚወድቅበትን ድምፅ እያዳመጥን ተመለስን።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ በአንደኛው ስልክ ካርታ መሠረት 4,000 ሜትር ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ የቆቦው ልጅ ተቀመጠ። ራሱን ካመመው ቆይቶ ነበር፤ እኛ ግን ድካም ነው ብለነው ነበር። ካስመለሰው በኋላ ተኝቼ ልምጣ፣ እናንተ ሂዱ ይል ጀመር። ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላማ ከተማ መሆኑን ታውቃለህ፤ ልጁ በዚያው ቀን ከዚያ ተነሥቶ ላሊበላ የገባው አመሻሽ ላይ ነበር፤ እራት በልቶ፣ ሳያርፍ፣ ከእኛ ጋር ዳገት ጀመረ። 4,000 ሜትር ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው 60 በመቶ ያህሉ ነው። ሰውነት ይህን መልመድ ይችላል፤ ነገር ግን ቀናት ይፈልጋል። ደሴ ወይም ላሊበላ የኖረ ሰው ከቆላው ሰው ይሻላል እንጂ እርሱም ቢሆን ከኖረበት 1,500 ሜትር በላይ በአንድ ሌሊት ሲወጣ ዋስትና የለውም።

በዚያ ሰዓት የደረሰልን ውሻ ሲጮህ ሰምቶ ከጎጆው የወጣ አንድ የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ ነው። ጓሳውን፣ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ከሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች አንዱ ነበር። ዱላ ይዞ፣ ባናውን፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን፣ ተከናንቦ መጣና ሰላምታ ሳይጨርስ፣ «ይህ ልጅ በእግሩ ይሂድ እስቲ» አለ። ልጁ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መራመድ አቃተው፤ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፤ እርሱ ግን አረቄውን አልቀመሰም። ጠባቂው «አሁኑኑ ይውረድ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ» አለን። በኋላ ደሴ ላይ አንድ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ የከፍታ ሕመም መጀመሪያ ሲሆኑ፣ መንገዳገድና መፍዘዝ ሲጨመሩበት ግን አንጎል ማበጥ መጀመሩን ያመለክታሉ። ሳንባም እንዲሁ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰው ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሁለቱም ዋና መድኃኒት መውረድ ነው፤ ተኝቶ ማረፍ ደግሞ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ያ ጠባቂ የሐኪም መጽሐፍ ሳያነብ የሰጠን ፍርድ ሐኪሙ ከነገረኝ ጋር አንድ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ ለእርሱ ያለኝን አክብሮትም በቃል ልገልጸው አልችልም።

እኔና ጠባቂው ልጁን በመካከላችን ይዘን፣ ባናውን አልብሰነው ወረድን። ሌሎቹ የጠባቂው ወንድም እየመራቸው ወደ ላይ ቀጠሉ። ጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ስንል ልጁ ንግግሩ ተስተካከለ፤ መንደሩ ዘንድ ስንደርስ ውኃ ጠየቀ፤ ከዚያም በሶ በጥብጠው ሰጡት። የሱብሒ ሰላቴን የሰገድሁት እዚያው፣ የቤቱ እናት በሰጡኝ ቁርበት ላይ ነው፤ እርሳቸውም በራቸው ላይ ቆመው ወደ አሸተን ፊታቸውን መልሰው ጸለዩ። ሲነጋ ጭላዳዎቹ ካደሩበት የገደል እርከን አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጡ ጀመር። ጫፉን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የወጡት ጓደኞቻችን አዩ፤ ይሁንና ከመካከላቸው ስለ ተሰማው ብርድ ከማውራት በቀር ስለ ፀሐይዋ አወጣጥ ረጅም ወሬ የሚያወራ አላጋጠመኝም፤ ተሰብስበው ተቃቅፈው እስክትሞቅ ሲጠብቁ ነበርና።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። ጃፓኖች 3,776 ሜትር የሆነውን ፉጂ ተራራቸውን በዚሁ መንገድ፣ ማታ ጀምረው ሳያርፉ የሚወጡ ሰዎች እየበዙባቸው ተቸግረው፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ2024 ጀምሮ ዮሺዳ በሚባለው ዋናው መንገድ ላይ በር ሠሩ። በዚያ ዓመት በሩ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይዘጋ ነበር፤ በተራራው ማረፊያ ቤት ማደሪያ ካልያዘ በቀር በዚያ ሰዓት ማንም አያልፍም። አቡነ ዮሴፍ በር የለውም። ስለዚህ የሚከለክልህ ሰው ባይኖር እኔ ልከልክልህ።

አትምጣ ማለቴ ግን አይደለም፤ ና፤ ያንን አምባ ሳታይ መቅረትህን አልወድም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ታውቃለህ፤ ከመኖሪያቸው አንዱ ያ ጓሳ ነው፤ እነርሱ ደግሞ አይጥ የሚያድኑት ቀን ስለሆነ በሌሊት የሚያልፍ ሰው አያያቸውም። የምለምንህ መንገዱን ለሁለት እንድትከፍለው ነው። የምትኖሩባት አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ልጆችህም እዚያው ሙቀት ውስጥ ያደጉ ናቸው። ስለዚህ ላሊበላ ከገባችሁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ በዓሉን በዚያው አክብሩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሥታችሁ፣ አሸተንን አይታችሁ፣ ከገዳሟ በላይ ካለው አምባ ላይ 3,500 ሜትር ሳታልፉ እደሩ። በማግስቱ ከንጋቱ በፊት ተነሥታችሁ ወደ ጫፉ ውጡና በዚያው ቀን ተመለሱ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ቀን ወጥቶ ዝቅ ብሎ ማደር አይጎዳም። ትንሹ ልጅህ ራሴን አመመኝ ማለትን ገና የማያውቅ ከሆነ ከእናቱ ጋር አሸተን ላይ ይቅር፤ ሕፃን ሲያኮርፍና ምግብ ሲጠላ ሕመም ይሁን ድካም ለመለየት ከባድ ነው።

መሪ እኔ እይዝላችኋለሁ፤ ያንን ጠባቂ አስቀድሜ አነጋግሬዋለሁ፤ እርሱም በደስታ ይጠብቃችኋል። አንድ በቅሎ ባዶዋን አብራን ትውጣ፤ የታመመ ሰው በሁለት ሰው ትከሻ ሲወርድ አይቻለሁና ዋጋዋን አልሰስትም። ባናውን ለሁላችሁም ከዚህ አዘጋጃለሁ፤ የበግ ጠጉር ቢረጥብም ያሞቃል። እናንተ ይዛችሁ የምትመጡት በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ከመለዋወጫው ጋር፣ በላብ ሲርስ የሚቀየር የውስጥ ልብስ፣ የነፋስ መከላከያና የለመዳችሁት ጫማ ነው። ጫማውን አሁኑኑ ግዙላቸው፤ እስከ ገና ድረስ ልጆቹ ትምህርት ቤት እየሄዱበት ይልመዱት፤ አዲስ ጫማ በዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይነቅላል። ቆሎና በሶ ከእኔ ነው።

የልጆቹን ዕድሜ፣ የባልደረቦችህን ብዛት፣ ከመካከላቸው የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ እርሱን ጭምር ጻፍልኝ። ኅዳር ሳያልቅ መልስህ ከደረሰኝ ለማደሪያው ቦታ እይዛለሁ። እኔም አብሬያችሁ እወጣለሁ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እናታችን ከደሴ ዱዓቸው አይለይህም።

የሚናፍቅህ ወንድምህ